በዝናብ ጊዜ የኳስ ልምምድ ይደረግ ወይስ ይቅር?

በዲላ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት በኋላ ተሰብስበው ኳስ ይጫወታሉ። ሜዳ ያለው በሜዳ፣ ሜዳ ያጣው በመንገድ ዳር ይጫወታል። ቡድን አቋቁመው፣ አዋጥተው ማሊያ ገዝተው፣ ከጎረቤት ቀበሌ ቡድን ጋር የሚጋጠሙም አሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ወጣቶችን ከወላጆች፣ ተጫዋቾችን ከአሠልጣኝ የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ልምምዱ ይደረግ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። «ዝናብ ከመጣ ቤት መግባት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!» የሚል ሰው አይጠፋም። «ዝናብ እየፈሩ ኳስ ተጫዋች ነኝ ማለት ምንድን ነው?» የሚልም አለ። እኛ ግን ነገሩን በስሜት ሳይሆን በማስተዋል ብንመረምረው ይሻላል እንላለን። በዚህ ትምህርት ስለ ዝናብ፣ ስለ መብረቅ፣ ስለ ጤናና ስለ ሜዳ አያያዝ እናነባለን። ከዚያ በኋላ ፍርዳችንን እንሰጣለን።

የጌዴኦ ዝናብና የኳስ ሜዳ

ጌዴኦ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኝ፣ በቡናውና በእንሰቱ የታወቀ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት አብዛኛው ኮረብታና ቁልቁለት ነው። ገበሬው በዚሁ ቁልቁለት ላይ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና፣ ከዚያም በታች ጎመንና ሌላ አትክልት አድርጎ ያለማል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህን ያህል ሕዝብ በሰፈረበትና ይህን ያህል በለማ አገር፣ ለኳስ የሚሆን ሰፊና ደልዳላ መሬት ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ቀበሌ አንድ ሜዳ ካገኘ እሰየው ነው። ሜዳውም ትምህርት ቤት ያለበት፣ ስብሰባ የሚደረግበት፣ አንዳንዴም ከብት የሚግጥበት ነው። እንዲህ ያለው ሜዳ ከተበላሸ ሌላ መተኪያ የለም።

ዝናቡን ደግሞ እንይ። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጌዴኦ ግን ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ያይላል። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለተኛው በክረምቱ መጨረሻ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚዘልቀው ነው። በመካከሉ ባሉት ወራትም ቢሆን ዝናብ ጨርሶ አይጠፋም። ደረቅ የሚባሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ቡና የሚለቀምባቸውና የሚደርቅባቸው ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት ወጣቱ ሥራ ላይ ነው። እንግዲህ «ዝናብ በሌለበት ጊዜ ብቻ እንለማመድ» ብንል የሚተርፈን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአገራችን የሊግ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ወይም በጥቅምት ተጀምሮ ክረምቱ ሲገባ ያበቃል። ይህ አቆጣጠር ለአዲስ አበባ ዝናብ ይስማማል። ለዲላ ግን የውድድሩ መጀመሪያም መጨረሻም ዝናብ ላይ ይወድቃል። በአገር አቀፍ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተሳተፈው የጌዴኦ ዲላ የሴቶች ቡድን የወጣው ከዚሁ አገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሰፈር ልጆች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሊግ የሚወዳደርም ቡድን ይመለከተዋል።

የዝናብ ሒሳብ

ዝናብ በሚሊሜትር ይለካል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊሜትር ዘነበ እንበል። ይህ በየካሬ ሜትሩ 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ውኃ መድፋት ነው።

ለትልቅ ውድድር የሚያገለግል ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው። 105 በ68 ሲባዛ 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዚያ አንድ ዝናብ ሜዳው ላይ 7,140 ጀሪካን ውኃ ወረደ ማለት ነው። በበርሜል ቢቆጠር 714 በርሜል ነው! ይህ ሁሉ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ካላገኘ ወይ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ ወይ ሜዳው ላይ ይተኛል። እኛ በላዩ ስንሯሯጥ ምን እንደሚሆን ወደ ታች እናያለን።

«ልምምዱ አይቋረጥ» የሚሉት

«አይቋረጥ» የሚሉት ወጣቶች የሚያቀርቡት ምክንያት ውኃ የሚያነሣ ነው። አንደኛው ከላይ ያልነው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ውድድር በዝናብም ይደረጋል የሚለው ነው። ዳኛ ፊሽካ የሚነፋው ሰማዩ ጠርቷል ብሎ አይደለም። በደረቅ ሜዳ ብቻ የተለማመደ ቡድን ጭቃ ላይ ሲወጣ እንደ አዲስ ሰው ይሆናል። ኳሷ በእርጥብ ሣር ላይ ስትንሸራተት ትፈጥናለች፤ ውኃ ያለበት ስትደርስ ደግሞ ቀጥ ትላለች። ይህን በልምምድ ያላየ በረኛ በጨዋታ ቀን ይሸወዳል።

ከዓለም የኳስ ታሪክም ምሳሌ አለ። ሰኔ 27 ቀን 1946 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በበርን ከተማ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በዝናብ ተደረገ። የሀንጋሪ ቡድን በዚያን ዘመን የሚደፍረው አልነበረም። በ8 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል አገባ። የምዕራብ ጀርመን ተጫዋቾች ግን የታኬታቸው ጥርስ የሚፈታና የሚቀየር ነበርና ለጭቃው የሚሆን ረጅም ጥርስ አስገብተውበታል። ጨዋታውን 3 ለ 2 አሸነፉ። ጫማው ብቻውን ዋንጫ አመጣ አንልም። ነገር ግን ለዝናብ የተዘጋጀና ያልተዘጋጀ እኩል እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሰኔ 26 ቀን 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ከተማ የሆነው ነው። ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ በዓለም ዋንጫ ሊገናኙ ሲሉ ዶፍ ወረደ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በፓምፕ ውኃውን ከሜዳው ሲቀዱ ቆዩና ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። ፖላንዶች ፈጣን የክንፍ ተጫዋቾች ነበሯቸው። ኳሷ ግን ውኃ ውስጥ እየቆመች ሩጫቸውን ከንቱ አደረገችው። ጀርመኖች 1 ለ 0 አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ።

ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ግን ሁለት ፊት አለው። ውድድር በዝናብ ይደረጋል ለሚለው ማስረጃ ይሆናል። ውኃ የተኛበት ሜዳ የተጫዋቹን ችሎታ እንደሚያጠፋ ደግሞ ያሳያል። ልምምድ የሚደረገው ችሎታ ለማዳበር ነው። ኳስ በማትንከባለልበት ቦታ ምን ችሎታ ይዳብራል?

«ይቅር» የሚሉት

«ይቅር» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ናቸው። ከማንበቡ ትምህርት በኋላ ይህን ጉዳይ አንሥተን በተወያየንበት ቀን አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ኳሱን አልጠላም። ግን ልጄ ተንሸራቶ እግሩ ቢሰበር ቡናውን ማን ይለቅምልኛል? ዋንጫው ቤቴን አያኖርልኝም።» ሌላዋ ቀጠል አድርገው «ጭቃውን እነሱ ይጫወቱበታል፤ ልብሱን የምታጥበው ግን እኅታቸው ናት» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሳሙናው በገንዘብ ይገዛል፣ ውኃው ከሩቅ ይቀዳል፣ ጊዜውም የልጅቱ የጥናት ጊዜ ነው። ጭቃ ለብሶ የመጣ ሰው ልብሱን ራሱ ማጠብ አለበት። ይህ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

የእናቲቱን ስጋት ደግሞ ቀላል ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። በገበሬ ቤት የአንድ ወጣት እግር ማለት የቤተሰቡ ጉልበት ማለት ነው። እንግዲያው ጉዳቱ ከምን ከምን እንደሚመጣ ለይተን እንወቅ። ሁሉ ዝናብ አንድ አይደለም።

ዝናብ ሌላ፣ መብረቅ ሌላ

ካፊያና ዶፍ ይለያያሉ። ዶፍና ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ደግሞ ጨርሶ ይለያያሉ። ካፊያ ያረጥባል። መብረቅ ግን ይገድላል።

ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር በተራራማው የዋንካዮ አካባቢ ሁለት ቡድኖች ሲጫወቱ ሰማዩ ተለወጠ። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ተጫዋቾቹ ከሜዳ ቀስ ብለው በመውጣት ላይ ሳሉ መብረቅ ወረደባቸው። አንድ ተጫዋች ሞተ፤ ሌሎችም ተጎዱ። ልብ በሉ፤ ጨዋታው ቆሟል። ግን ዘግይቶ ነው የቆመው። በእንዲህ ያለው ነገር «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች አባባል ትልቅ ትርጉም አለው።

መብረቅ ቅርብ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብልጭታውና ድምፁ የሚወጡት በአንድ ጊዜ ነው። ብርሃኑን ወዲያው እናያለን። ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭ ሲል መቁጠር እንጀምር። ነጎድጓዱ በ3 ሴኮንድ ከተሰማ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በ30 ሴኮንድ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ መብረቅ ቀጥሎ እኛ ላይ ሊወርድ ይችላልና በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሜዳውን ለቆ መግባት ነው። መቁጠር ያቃተው ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ነጎድጓድ ከሰማህ ግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አትመለስ።

ወዴት እንግባ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጌዴኦ ሜዳ ዳር ብዙ ጊዜ ትልቅ ዋንዛ ወይም ብርብራ አይጠፋም። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ወደዚያ እንሮጣለን። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መብረቅ ረጅም ነገር ይወዳል። ዛፉን ሲመታ ከሥሩ የተጠለለውንም ሰው ያገኘዋል። ከብረት የተሠራው የጎል ቋሚም፣ የሽቦ አጥርም፣ ጎን የሌለው ዳስም መጠለያ አይሆኑም። የሚያድነው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ትልቅ ቤት፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ነው። ወይም ደግሞ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን መዝጋት ነው። ቤትም መኪናም ቅርብ ካልሆነ ከዛፍና ከብረት ራቁ፤ እርስ በርስ ተራርቁ፤ እግርን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት እንጂ መሬት ላይ መተኛት አይገባም።

በመብረቅ የተመታ ሰው ቢኖር ብዙ ሰው «ብነካው ይይዘኛል» ብሎ ይፈራል። አይዝም። በተመታው ሰው አካል ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ትንፋሹ ከቆመ ፈጥኖ በጀርባው አስተኝቶ፣ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ያህል እየተጫኑ፣ ሌላ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። በመብረቅ የተመታ ሰው ፈጥኖ ከተረዳ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብርድ፣ ቁስልና በሽታ

«ዝናብ የመታው ሰው ይታመማል» ይባላል። እውነት ነው ወይ? ጉንፋንን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። የሳንባ ምችም በተሕዋስያን የሚመጣ በሽታ ነው። ዝናብ ብቻውን በሽታ አይወልድም። በሩጫ ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ቀላል ዝናብ ብዙም አይጎዳውም።

ችግሩ የሚመጣው ሩጫው ሲቆም ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ከሰውነት ፈጥኖ ይወስዳል። የረጠበ ማሊያ ለብሶ ነፋስ ላይ ቆሞ መጨዋወት ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ለሕይወት ያሰጋል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰርበታል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። እንደ ዲላ ባለ ወይና ደጋ ይህ አይበዛም። እንደ ቡሌ ባለ ደጋ አገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልምምዱ እንዳለቀ የረጠበውን አውልቆ ደረቅ ልብስ መልበስና ትኩስ ነገር መጠጣት ነው። ደረቅ ልብስ ይዞ ያልመጣ ተጫዋች በዝናብ ልምምድ አይግባ።

ሁለተኛው ጉዳት ወለምታና ስብራት ነው። ጭቃ ላይ እግር ወደ አንድ በኩል ሲሄድ ጉልበት ወደ ሌላ ይቀራል። ወለም ያለውን እግር ወዲያው ማሸት አይገባም። ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። የማያስቆም ሕመም ካለ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ ከመጎተቱ በፊት በጤና ጣቢያ ይታይ።

ሦስተኛው በባዶ እግር መጫወት ነው። ታኬታ የሌለው ብዙ ወጣት አለ፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነገር ግን በጭቃ ውስጥ የተሸሸገ ጠርሙስና ሚስማር አይታይም። በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ አለ። ቁስልን ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድና ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል። ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ባለበት ከፍተኛ አገር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ያመጣል። ጫማ መልበስና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። እንግዲህ ቡድኑ አዋጥቶ የሚገዛው ነገር ካለ፣ ከማሊያ በፊት ጫማ ይቅደም እንላለን። ማሊያ ለዓይን ነው፤ ጫማ ለሕይወት ነው።

ሜዳውም ይታመማል

ጤነኛ አፈር በውስጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ውኃው በእነዚህ ይሰርጋል፣ የሣሩም ሥር በእነዚህ ይተነፍሳል። የረጠበ አፈር ላይ 22 ሰው ሲራገጥ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። አፈሩ እንደ ተረገጠ ጭቃ ይሆናል። ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ሣሩ ይሞታል። በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው መግቢያ ስለማያገኝ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ግትርነት የአንድ ወር ሜዳ እናበላሻለን። ገበሬው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። እርጥብ መሬት ሲቆፈር አፈሩ ጓል ስለሚሆን ጠፍ እስኪል ይጠብቃል። ለእርሻ የሚጠብቅ ሰው ለኳስ ሜዳ የማይጠብቅበት ምክንያት የለም።

የእግራችን ዱካ የሠራው ጉድጓድም ውኃ ይይዛል። የወባ ትንኝ እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ትወዳለች። ከእንቁላል ተነሥቶ የሚበር ትንኝ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በዲላና ከዲላ በታች ባለው ቆላማ ቦታ ወባ ያለ በሽታ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የሜዳውን ጉድጓድ መድፈን ኳስ ለማይጫወተውም ጎረቤት ጤና ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ይርጋ ጨፌ አካባቢ ቡና በአልጋ ላይ ሲደርቅ ያየ ሰው መልሱን አያጣውም። ዝናብ ሲመጣ ሠራተኞቹ ቡናውን በላስቲክ ይሸፍኑታል። ዝናቡ ሲያልፍ ይገልጡታል። «ዘነበ» ብሎ ቡናውን የሚተው የለም። «ሥራ አይቋረጥም» ብሎ በዶፍ የሚያሰጣም የለም። ለእግር ኳስም እንዲሁ ነው። ልምምድ አይቅር፤ ጊዜው፣ ቦታውና ዓይነቱ ግን እንደ ዝናቡ ይለዋወጥ። የእኛ ፍርድ ይህ ነው።

ይህንንም በተግባር ለማዋል የሚከተለውን እናድርግ።

1ኛ. ነጎድጓድ ከተሰማ ያለ ክርክር ልምምድ ይቁም። ይህን የመወሰን ሥልጣን ለአሠልጣኙ ወይም ለአምበሉ ይሰጥ። ሌላው «ትንሽ እንጨርስ» አይበል።

2ኛ. ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። በዝናብ ወራት ልምምዱን ከቀኑ 10 ሰዓት ወደ ጧት 12 ሰዓት እናዙረው። ሥራና ትምህርት ሳይነካ አንድ ሰዓት ይበቃል።

3ኛ. ከልምምድ በፊት ሜዳው ይፈተን። አንደኛው ፈተና በተረከዝ መሬቱን መጫን ነው። ውኃ በተረከዙ ዙሪያ ከወጣ ሜዳው ይረፍ። ሁለተኛው ኳሷን ከደረት ቁመት መልቀቅ ነው። ካልነጠረችና ተመትታም ካልተንከባለለች በዚያ ሜዳ አንጫወትም።

4ኛ. ካፊያ ከሆነና ሜዳው ፈተናውን ካለፈ ልምምዱ ይካሄድ። አጭር ቅብብል፣ መሬት ለመሬት የሚመታ ኳስ፣ ለበረኛው እርጥብ ኳስ መያዝ ይለማመዱ። ተንሸራቶ መንጠቅና መጋጨት ግን ይከልከል።

5ኛ. ሜዳው ከታመመ በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ እንሥራ። ገመድ መዝለል፣ ቁጭ ብድግ፣ ኳስ በእግር ማንጠር ብዙ ቦታ አይፈልግም። ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። አሥራ አንድ እሸት ቡናና አሥራ አንድ ጀንፈል ደርድረን፣ አንዱን የእኛ፣ ሌላውን የተቃራኒ ቡድን አድርገን አሰላለፍ እንማር። የቡና ወቅት ካልሆነ በቆሎና ባቄላም ይሆናል።

6ኛ. ከሜዳው በላይ በኩል፣ ከኮረብታው የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈር። በዳርና ዳርም የውኃ መውረጃ ይኑር። ቦዩ ግን ወደ ጎረቤት እንሰትና ቡና መለቀቅ የለበትም። ሣር የጠፋበት ቦታ ሰርዶ ይተከልበት፤ እስኪይዝ ድረስም ይከለል።

7ኛ. ቡድኑ አንድ ደብተር ይኑረው። ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ትምህርቱን የሚያጠነክረው ሲጠቀምበት ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ እናስቀምጥና በየጧቱ የገባውን ውኃ በማስመሪያ እንለካ። ለምሳሌ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ «ሚያዝያ 12። ዝናብ 18 ሚሊሜትር። ሜዳው ውኃ ይዟል። ልምምድ በበረንዳ ተደረገ። የተጎዳ የለም።» በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ስናገላብጥ ስንት ቀን እንደ ዘነበ፣ ስንት ቀን በሜዳ እንደ ተለማመድን፣ ማን በምን ቀን እንደ ተጎዳ እናውቃለን። ያን ጊዜ ከወላጆች ጋር የምንነጋገረው በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።

8ኛ. ፀሐይም ክፉ ናት። በጥርና በየካቲት የቀትር ሙቀት መሮጥ ራስን ያዞራል፣ ያዝላል። በቀትር አንለማመድ፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃም ከሜዳ አይጥፋ።

ይህን ሁሉ ያደረገ ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ጤነኞች ይሆናሉ፣ ሜዳው ይቆያል፣ እናቶችም ልጃቸውን ወደ ልምምድ ሲልኩ ልባቸው አይሸበርም። ቡና በሚለቀምበትም ወር ሁሉም በሁለት እግሩ ቆሞ ይገኛል።

አዳዲስ ቃላት

ካፊያ፦ ቀላል፣ ደቃቅ ዝናብ።
ዶፍ፦ በኃይል የሚወርድ ዝናብ።
አምበል፦ የቡድን መሪ ተጫዋች።
ታኬታ፦ ከሥሩ ጥርስ ያለው የኳስ ጫማ።
ወለምታ፦ የመገጣጠሚያ መዞር።
ጀንፈል፦ ከነገለባው የደረቀ ቡና።
ሰርዶ፦ መሬት ለመሬት የሚስብ ጠንካራ ሣር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን ዝናብ የሚበዛው በየትኞቹ ወራት ነው? የልምምድ ሰዓታችን ከዚህ ጋር ይስማማል?
2. ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ በ12 ሴኮንድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ምን ማድረግ አለብን?
3. ሜዳችን 90 ሜትር በ50 ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድበት ስንት ሊትር ውኃ ይሆናል?
4. ከሜዳችን አጠገብ ከመብረቅ የሚያድን መጠለያ አለ? ከሌለ ወዴት እንሄዳለን?
5. ወላጆችን ጠይቁ። ልጆቻቸው በዝናብ እንዲጫወቱ የማይፈልጉበትን ምክንያት ጻፉና በቡድን ተወያዩበት።